ኪክና ቤዝ ሲጣሉ፦ ሳይድቼይን ለችክችካ

ባለፈው ጥር አዘዞ አንድ ሠርግ ላይ የራሴ ቅንብር በሞንታርቦ ስፒከር ሲለቀቅ ሰማሁት። ቤት ውስጥ በሄድፎን ስሠራው ኪኩም (የድራሙ ወፍራም ምት) ቤዙም (የቤዝ ጊታሩ ድምፅ) ልክ ነበሩ። ድንኳኑ ውስጥ ግን ቤዙ ኪኩን ዋጠው፤ የቀረው ወፍራም ጉምጉምታ ብቻ ነው። እስክስታ የሚወርዱት ልጆች ስፒከሩን ትተው የሴቶቹን ጭብጨባ ነበር የሚከተሉት፣ ትከሻቸው ምቱን ከዚያ ነው ያገኘው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳይድቼይን ሳልሠራ የምጨርሰው ዘፈን የለም።

ነገሩ ቀላል ነው። ኮምፕረሰር ድምፅ ሲጮህ ዝቅ ያደርጋል። እኛ ቤዙ ላይ እናስቀምጠውና ጆሮውን ወደ ኪኩ እናዞረዋለን። ኪክ በመታ ቁጥር ቤዙ ለቅጽበት ጎንበስ ይልለታል፣ ወዲያው ቀና ይላል።

ኮምፕረሰሩን ከመክፈታችሁ በፊት ግን ሁለቱ የት እንደሚጋጩ እዩ። የኪክ ጉልበት ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 60 ኸርዝ አካባቢ ነው። የቤዝ ጊታር ክፍት ኤ ክር ደግሞ 55 ኸርዝ ነው። ዘፈኑ በኤ ከሆነና ኪካችሁም እዚያው ከተቀመጠ ጠቡ ይከፋል፤ ኪኩን ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጋችሁ ቃኙት፣ ካልሆነ ሌላ ኪክ ምረጡ። ከ30 ኸርዝ በታች ያለውን የቤዝ ድምፅም በኢኪው (ወፍራምና ቀጭን ድምፅን ለይቶ ከፍ ዝቅ በሚያደርገው) ቁረጡት፤ ብዙው ስፒከር አያወጣውም፣ ቦታ ብቻ ይይዛል።

ብዙዎቻችን የምንሠራው በኤፍ ኤል ስቱዲዮ (የሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራም ነው) ስለሆነ በእሱ ላሳያችሁ። ሚክሰሩ ላይ የኪኩን ትራክ ምረጡ። ከዚያ ቤዙ ትራክ ግርጌ ያለችውን ትንሽ ቀስት በማውሱ ቀኝ ተጫኑና «ሳይድቼይን ቱ ዚስ ትራክ» የሚለውን ምረጡ። በግራ ከተጫናችሁት የኪኩ ድምፅ ራሱ ወደ ቤዙ ትራክ ይገባል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ቀጥሎ ቤዙ ላይ ፍሩቲ ሊሚተርን (የኤፍ ኤሉን ኮምፕረሰር) ጫኑ፣ «ኮምፕ» ወደሚለው ቀይሩት፣ የሳይድቼይኑን ቁጥር 1 አድርጉ። የምትሠሩበት ፕሮግራም ሪፐር ከሆነ ከኪኩ ወደ ቤዙ ትራክ በቻናል 3 እና 4 ላኩና ሪያኮምፕ (የሪፐሩ ኮምፕረሰር) ላይ ዲቴክተሩን ኦግዚለሪ አድርጉት።

ሬሾው (ምን ያህል አጥብቆ ዝቅ እንደሚያደርግ) 4 ለ 1፣ አታኩ (ዝቅ ለማድረግ የሚወስድበት ጊዜ) ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሰከንድ ይሁን። ትሬሾልዱን (ኮምፕረሰሩ ሥራ የሚጀምርበትን የድምፅ ልክ) ቀስ እያላችሁ አውርዱ፤ ኪኩ ሲመታ ቤዙ ከ3 እስከ 6 ዲቢ (ዴሲቤል) ሲቀንስ ይበቃል።

አሁን ሪሊዝ፣ ማለትም ቤዙ ከጎነበሰ በኋላ ቀና ለማለት የሚወስድበት ጊዜ። ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው፣ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ዩቲዩብ ላይ የምናገኘው ትምህርት አብዛኛው ለሃውስ ሙዚቃ ነው፤ እዚያ ኪኩ በእኩል ይመታል፣ ቤዙ ቀስ ብሎ ቢመለስ ያምራል። የጎንደር ጨዋታ ግን ችክችካ ነው፣ አንዱ ምት ለሦስት ይከፈላል። እግራችሁ በደቂቃ 120 ጊዜ መሬት የሚመታ ከሆነ አንዱ ምት 500 ሚሊ ሰከንድ ነው፣ ሲሶው ደግሞ 167 ገደማ። ቤዙ ሦስተኛዋን ክፋይ ሲነካት ነው ወደሚቀጥለው ኪክ የሚገፋን፤ ትከሻ የምታስነሳው እሷ ናት። ሪሊዙን ከሃውሱ ላይ ገልብጣችሁ 350 ካደረጋችሁት ያቺ ኖታ ቀና ሳትል ታልፋለች፣ ዘፈኑም ይሞታል። ስለዚህ 60,000ን ለቴምፖው አካፍሉ፣ የወጣውን ለ3፣ ከዚያም ትንሽ ዝቅ በሉ። ለ120 እኔ ከ100 እስከ 140 ባለው መሃል እፈልጋለሁ፤ ኮምፕረሰሮቹ አንድ ዓይነት ስላልሆኑ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ጆሮ ነው። ከ30 ሚሊ ሰከንድ በታች ግን አትውረዱ። 50 ኸርዝ አንድ ዙሩን የሚጨርሰው በ20 ሚሊ ሰከንድ ስለሆነ ኮምፕረሰሩ የድምፁን ሞገድ እየተከተለ ይንቀጠቀጥና ቤዙ ይሻክራል።

በኪክ ፈንታ ከበሮ በማይክ ቀድታችሁ ከሆነ ሌላ ችግር አለ። ማይኩ ጭብጨባውንም እልልታውንም ይዞ ስለሚመጣ ቤዙ ያለቦታው ይጎነበሳል። መፍትሔው፣ የከበሮው ትልቁ ፊት የሚመታበት ቦታ ሁሉ ላይ አጭር ኪክ በእጃችሁ አስቀምጡ፣ ትራኩን ከማስተሩ (ከዋናው መውጫ) ለዩት፣ ለኮምፕረሰሩ ብቻ ይሂድ። ማንም አይሰማውም፣ ቤዙ ግን ይታዘዘዋል። ጊዜ ይወስዳል፤ ለከበሮ ግን ይገባዋል።

ሁለቱን ብቻ ነጥላችሁ አትፍረዱ። ማሲንቆውም ድምፃዊውም ባሉበት በትልቅ ስፒከር ክፈቱት፣ ኮምፕረሰሩን አጥፉ፣ አብሩ። ሲጠፋ ኪኩ ከተሰወረ፣ ሲበራ ደግሞ ቤዙ መቀነሱ ካልታወቃችሁ፣ ኤክስፖርት አድርጉት።