የከተማ ውሃ ታሪፍ እንዴት ይስተካከላል?

ታሪፍ ሊሻሻል ነው ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ጨመረ?» ብሎ ነው። የውሃ ቦርድ አባል ከሆኑ ወይም ለውይይት ከተጠሩ ግን ከዚያ በፊት የሚጠየቅ አለ። ከታች ያሉት የብር አሃዞች ለስሌት ያህል የተወሰዱ ናቸው።

1. ወጪውን ይደምሩ

የፓምፕ መብራት፣ የጄኔሬተር ናፍጣ፣ ክሎሪን፣ ደመወዝ፣ ጥገና። የሚረሳው የፓምፑ እርጅና ነው። ፓምፕ ይቃጠላል፤ መተኪያው በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። የቀረበልዎ የፓምፕ ዋጋ ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ በፊት የተገመተ ከሆነ እንደገና ይሠራ ይበሉ።

2. የጠፋውን ውሃ ይፈልጉ

ጽሕፈት ቤቱ 100 ሺህ ሜትር ኪዩብ አምርቶ 60 ሺውን ብቻ ሸጠ እንበል። ወጪው 1.5 ሚሊዮን ብር ነው። ለተመረተው ሲካፈል 15 ብር፣ ለተሸጠው ሲካፈል 25 ብር ይመጣል። 10 ብሩ የፈሰሰው ቧንቧ፣ የቆመው ቆጣሪና የሕገወጥ ቅጥያ ዕዳ ነው። የሚሸጠው ወደ 75 ሺህ ከፍ ቢል ዋጋው 20 ብር ላይ ይወርዳል። ታሪፉ ሳይነካ ማለት ነው! ስለዚህ ጭማሪ ከመፈቀዱ በፊት የብክነት ቅነሳ ዕቅድ በጽሑፍ ይምጣ።

3. እርከኑን በተከራይ ዓይን ይዩት

ፍጆታ ሲጨምር ዋጋውን በእርከን ከፍ ማድረግ፣ ማለትም ብዙ የሚጠቀም ብዙ ይክፈል የሚለው ሐሳብ ጥሩ ነው። ችግሩ ግቢው ውስጥ ነው። የአንዱ ሜትር ኪዩብ ዋጋ በወር እስከ 5 ሜትር ኪዩብ ላለው 10 ብር፣ ከ5 በላይ እስከ 15 ባለው 20 ብር፣ ከዚያ በላይ 35 ብር ይሁን። አራት ተከራይ ቤተሰቦች በአንድ ቆጣሪ እያንዳንዳቸው 6 ቢጠቀሙ ድምሩ 24 ይሆናል። 50፣ 200 እና 315 ሲደመር 565 ብር። የየራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው ግን እያንዳንዳቸው 70፣ በድምሩ 280 ብር ይከፍሉ ነበር። ድሃው እንደ ባለ ቪላ ተቆጠረ ማለት ነው። መፍትሔው ቆጣሪ መለየት ነው፤ ካልተቻለ ደግሞ የእርከኑን ወሰን በግቢው ባሉት ቤተሰቦች ቁጥር ማባዛት።

4. ቦኖ ጋ ሄደው ይጠይቁ

አንድ ሜትር ኪዩብ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 50 ጊዜ ይሞላል። ጀሪካኑ በ2 ብር ከተሸጠ ሜትር ኪዩቡ 100 ብር ገባ። ቤቱ ቧንቧ ያለው በ10 ብር ይጠጣል። ወረቀቱ ላይ ያለው የቦኖ ዋጋና ተሰላፊዋ የምትከፍለው አንድ መሆኑን እዚያው ያረጋግጡ።

5. ፍሳሹን ለብቻው ያስሉት

በመስመር ለተገናኘ ቤት ክፍያው ከውሃው ፍጆታ ጋር ሊታሰብ ይችላል። ጉድጓዱን በቦቴ የሚያስመጥጥ ሰው ግን ለሌለው መስመር መክፈል የለበትም።

6. የሚጀምርበትን ቀን ከንባብ ጋር ያስማሙ

አዲሱ ዋጋ ከቆጣሪ ንባብ ማግስት ይጀምር፤ አለዚያ በፊት የተጠጣው ውሃ በአዲሱ ዋጋ ይታሰባል። አንባቢው ዘግይቶ የሁለት ወሩን አንድ ላይ ካነበበ ደግሞ በወር 5 የሚጠቀመው ሰው 10 ተብሎ ሁለተኛው እርከን ውስጥ ይገባል። 100 መክፈል የነበረበት 150 ይመጣበታል። ስለዚህ የዘገየ ንባብ ለየወሩ ተከፍሎ እንዲሰላ መመሪያው ውስጥ ይጻፍ።