በከሰዓት ፀሐይ የሚጋገር ሳሎንን በእንጨት መከታ ማቀዝቀዝ

ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። ሳሎኔ ወደ ምዕራብ ያያል። መጋቢት ሲገባ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሶፋው ላይ መቀመጥ አይቻልም ነበር። ወፍራም መጋረጃ ሰቀልኩ፤ ቤቱ ጨለመ፣ ሙቀቱ ግን እዚያው ነው። ፀሐይ አንዴ መስታወቱን ካለፈች ሙቀቷ ውስጥ ይቀራል። መመለስ ያለባት ከውጭ፣ በመስኮቱ ፊት በሚደረደር የጣውላ መከታ ነው።

ይህን የብራዚል የባሕር ዳርቻ ከተሞች ድሮ ገብቷቸዋል። ሬሲፌ ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1929 ኮቦጎ የተባለ ቀዳዳ ያለው የሲሚንቶ ብሎኬት ተሠራ። ስሙ ከሦስቱ ፈልሳፊዎቹ የቤተሰብ ስሞች የመጀመሪያ ፊደላት የተገጣጠመ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 የተመረቀው የሪዮ ዴ ጄኔሮ የትምህርት ሚኒስቴር ሕንፃ ደግሞ ፀሐይ በሚመታው በሰሜን ፊቱ የሚንቀሳቀሱ አግዳሚ መከታዎች አሉት።

እንዳለ መቅዳት ግን አይሆንም። እዚያ አየሩ ሌሊትም ይሞቃል፣ እርጥበት አለው፤ ስለዚህ ነፋስ እንዲያልፍ ግድግዳውን ክፍት ይተዉታል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። ማታ ጋቢ ያስፈልጋል። ጥላቸውን እንውሰድ፣ መስታወታችን ግን ከኋላ ይቆይ።

መጀመሪያ ፀሐይዋን ለኩ። የመጥረጊያ እንጨት 1 ሜትር ላይ ቁረጡ። በጠራ ቀን ደልዳላ ቦታ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙትና የጥላውን ርዝመት ያዙ። በመጋቢት አሥር ሰዓት ላይ 1.3 ሜትር ግድም ነው። የጣውላችሁን ስፋት ለዚህ ቁጥር አካፍሉ። 10 ሳንቲም ስፋት ያለው ጣውላ በአግድም ቢደረደር፣ 10 ለ1.3 ሲካፈል 7.7 ይመጣል። በሁለት ጣውላ መካከል 7.5 ሳንቲም ክፍተት ተዉ ማለት ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጥላው ከ2.3 ሜትር ያልፋል። እሱንም ልከልክል ካላችሁ ክፍተቱ 4 ሳንቲም ይሆናል፤ ያኔ ቤቱም ይጨልማል፣ እይታውም ይጠፋል። እኔ የመጨረሻዋን ፀሐይ እንድትገባ ተውኳት። ከዘጠኝ ሰዓቷ ፀሐይ ትለዝባለች፣ ለሌሊቱም ቤቱን ታሞቅልኛለች። የብራዚል የባሕር ዳርቻ ሰው ይህን አይመርጥም።

እንጨት ከመግዛታችሁ በፊት ካርቶን ቁረጡና አምስት ስድስት ቁራጭ በሲባጎ አንጠልጥላችሁ አንድ ከሰዓት እዩት። ይህን ደረጃ አትዝለሉ።

ከዚያ የሕንፃውን ኮሚቴ አነጋግሩ፤ የውጭ ገጽታው የጋራ ነው። ፈቃድ ሲገኝ በያጁን 40 በ40 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት) ፍሬም አሠሩ፤ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ሁለት ጊዜ ይቀባ። ለጣውላው ጽድ ካገኛችሁ እሰየው፤ ምስጥ አይደፍረውም። ባሕር ዛፍ በደንብ ካልደረቀ ይጣመማል። እያንዳንዱ ጣውላ የውጭ ጠርዙ ትንሽ ዝቅ ይበል፤ የክረምቱ ውሃ ወደ ደጅ ይወርዳል። ከመስታወቱም 20 ሳንቲም ያህል ይራቅ፤ የሞቀው አየር በመሃል ወደ ላይ ይወጣል።

አሁን ዋናው ነገር፤ አሰቃቀሉ። የግድግዳ ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፣ ፊሸር (ለብሎን ግድግዳ ውስጥ የሚገባው ፕላስቲክ) አጥብቆ አይዝም። ፍሬሙን ከኮንክሪቱ ቢምና ኮለን (አግዳሚና ቋሚ ምሰሶ) ጋር በቡሎን እሰሩ። ከታች ልጆች ይጫወታሉ፤ እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። ሲሰቀል ውሃ ልክ ይዛችሁ ራሳችሁ ተቆጣጠሩ።

ቀጥሎ ወደ ውስጥ ግቡ። ወለሉን የነካ ግዙፍ ሶፋ ሙቀት ያምቃል፣ መስኮትም ይዘጋል። የሞቃት አገር ዲዛይነሮች እግሩ ከፍ ያለ፣ መቀመጫው የተጠለፈ ወንበር የሚወዱት አየር ከሥር እንዲያልፍ ነው። እኛ ለዚህ ጠፍር አለን! የአያቶቻችንን የጠፍር አልጋ አስቡ። እኔ ቁመቱ 40 ሳንቲም የሆነ አግዳሚ ወንበር አሠርቼ በጠፍር አስጠለፍኩት። ቀን ይተነፍሳል፣ ማታ ቡሉኮ ይደረብበታል። ጠፍር ውሃ ሲነካው ስለሚላላ ከበረንዳው ጠርዝ አርቁት፤ ሲረግብም እንደገና ይጠበቅ።

ክረምቱ እንዳለፈ፣ መስከረም ላይ፣ ቡሎኖቹን በቁልፍ አጥብቁ፤ ዝገት የጀመረውን ፈግፍጋችሁ ቀቡ፤ የተሰነጠቀ ጣውላ ካለ አውጥታችሁ ቀይሩት።