የቫይብራፎን ጃዝ አልበም እንዴት ይደመጣል?

ቫይብራፎን፣ ማለትም በመምቻ የሚመታ የብረት ዘንጎች ያሉት መሣሪያ፣ የሚመራውን አልበም ስትከፍቱ መጀመሪያ ቫይብራፎኑን አትከተሉ። አውቃለሁ፣ ጆሮ የሚስበው እሱ ነው። ግን ምቱ በየትራኩ የሚቀያየር ከሆነ መንገዱን የሚያሳያችሁ ቤዙ፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው መሣሪያ፣ ነው።

የስልክ ስፒከር እርሱት፣ ቤዝ አያወጣም። ደህና ኤርፎን ይበቃል። ቱሉ ዲምቱ ወይ ኮዬ ፈጬ የምትኖሩ ደግሞ፣ ጎረቤት ቤት እያስገነባ ፌሮ ሲቆረጥ አትድከሙ፣ ሠራተኛው ወጥቶ ሰፈሩ ረጭ ሲል ይሻላል። አልበሙንም ቀድማችሁ አውርዱት፤ ኔትወርኩን ታውቁታላችሁ።

ለመጀመሪያ ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1966 ኒውዮርክ ላይ በትንሽ ባንድ የሠራው «አፍሮ ላቲን ሶል» አሪፍ ነው።

አንዱን ትራክ ምረጡና ቤዙን ብቻ ይዛችሁ በእግራችሁ መሬቱን እየመታችሁ ጠንካራው ምት እስኪመለስ ቁጠሩ። በየሦስቱ ከተመለሰ ዋልትዝ የሚባለው የዳንስ ምት ነው። አራት ሆኖ ቤዙ በየምቱ አንድ ኖታ እየረገጠ ከሄደ ስዊንግ የሚባለው የጃዝ አካሄድ ነው። አምስት ከሆነ «አንድ ሁለት ሦስት፣ አንድ ሁለት» ብላችሁ ከፍሉት፣ አለበለዚያ ምላስ ይተሳሰራል። ስድስት ከሆነ ግን ቤታችሁ ገባችሁ በሉት፤ ችክችካም በስድስት ነው የሚቆጠረው፣ ትከሻችሁ ከእናንተ ቀድሞ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ቫይብራፎኑ። የሚመታው የአሉሚኒየም ዘንግ ነው። ከሥሩ ቱቦ አለ፣ የቱቦው አፍ ላይ ደግሞ በሞተር የሚዞር ትንሽ ክዳን። ክዳኑ ሲከፈትና ሲዘጋ ድምፁ «ዋው ዋው» እያለ ይወዛወዛል። ከታወቁት ቫይብራፎን ተጫዋቾች ሚልት ጃክሰን ሞተሩን ቀስ አድርጎ ያዞረው ነበር፤ ጋሪ በርተን ደግሞ አጥፍቶት በአራት መምቻ ይጫወት ነበር። ሁለቱን አከታትላችሁ ስሙ፣ ልዩነቱ ወዲያው ይገባችኋል። እኔ የጃክሰን ወገን ነኝ።

ፔዳሉንም አትለፉት። ሲረገጥ ድምፁ ይንጠለጠላል፣ ሲለቀቅ ድምፅ ማፈኛው ጨርቅ ዘንጉን ነክቶ ቁርጥ ያደርገዋል። ፈጣን ትራክ ላይ ዜማው የሚያልቅበትን ቦታ ጠብቁ፦ ቆረጠው ወይስ ተወው? ፒያኖ የሌለበት ባንድ ከሆነ ደግሞ ቤዙ ሶሎ ሲይዝ ከኋላ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) የሚጥለው ራሱ ቫይብራፎኑ ነው።

ድራሙን መጨረሻ ላይ ያዙት። ድራመሩ ሶሎ ገብቶ ቆጠራው ቢጠፋባችሁ አትጨነቁ፤ ቤዙ ሲመለስ አብዛኛውን ጊዜ «አንድ» ላይ ስለሚያርፍ ከዚያ ቀጥሉ።