ትንሽ «አይሆንም» በሉና ተመልከቱ

አጋራችሁ ጸጸት የማያውቅ መስሎ ከታያችሁ የበሽታ ስም ለመስጠት አትቸኩሉ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ሄር ያዘጋጁት የሳይኮፓቲ (ጸጸትና ርኅራኄ የማጣት የባሕርይ ችግር) መመዘኛ 20 ነጥቦች አሉት፤ የሚሞላውም የሰለጠነ ባለሙያ ነው። እናንተ ግን በቀላል ጉዳይ «አይሆንም» ብላችሁ የሚከተለውን ማየት ትችላላችሁ፤ ቅር የሚለው ሰው ሌላ ነው፣ እስክትለምኑት ድረስ የሚቀጣችሁ ሌላ። (እጁን የሚያነሳ ከሆነ በፍጹም አትሞክሩት።) የተናገረውን «አላልኩም» እያለ ካምታታችሁ፣ ቃሉን ከነቀኑ ጽፋችሁ እርሱ በማያገኘው ቦታ አስቀምጡ። እኔ ከሁሉ አብልጬ የማምንበት ይህንን ነው፤ የገዛ ትውስታችሁን መጠራጠር ስትጀምሩ ያ ማስታወሻ ይደርስላችኋል። እንባችሁ ይለውጠዋል ብላችሁ አትጠብቁ። ከእርሱ ለመለየት ከወሰናችሁም አስቀድማችሁ አትንገሩት፤ መታወቂያችሁን፣ የባንክ ደብተራችሁንና የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት በቅድሚያ ለምታምኑት ሰው ስጡ።