አብስትራክት ሥዕል ፊት ስትቆሙ

አብስትራክት ሥዕል ሰው ወይም ዕቃ አስመስሎ የሚያሳይ ሳይሆን በቀለም፣ በመስመርና በቅርጽ የሚናገር ሥዕል ነው። ስለዚህ «ይሄ ምንድነው?» የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው ተዉት። የተደበቀ ፈረስ ፍለጋ አትድከሙ። ግድግዳው ላይ ያለውን መግለጫም እኔ ሁሌ መጨረሻ ላይ ነው የማነበው።

ከዚያ ጠጋ በሉ። የአሜሪካዊውን ሠዓሊ የማርክ ሮትኮን ትልልቅ ሥዕሎች ከቅርብ ስታዩ የቀለሙ ጠርዝ ድንበር የለውም፤ ይደበዝዛል። ስስ ቀለም በስስ ቀለም ላይ ስለደረበ፣ ከሥር ያለው ቀይ ከላይኛው ውስጥ ብቅ ይላል። ዝም ብላችሁ ቆዩ። ደረታችሁን የከበደው ወይም ያቀለለው ነገር ካለ፣ ለእኔ ትርጉሙ እሱ ነው። (ሮትኮ ራሱ ሥዕሎቹ ፊት የሚያለቅሱ ሰዎች እሱ ሲስል የተሰማው ነው የሚሰማቸው ብሏል።)

ሌላው አሜሪካዊ ሠዓሊ ጃክሰን ፖሎክ ጋ ደግሞ እጁን ተከተሉ። ሸራውን መሬት ላይ ዘርግቶ ነበር ቀለም የሚያንጠባጥበው። መስመሩ የቀጠነበት፣ ብዙውን ጊዜ ክንዱ የፈጠነበት ነው።

ምንም ካልተሰማችሁ? እለፉት። እኔን ሆላንዳዊው የአብስትራክት ሠዓሊ ሞንድሪያን ዛሬም አይነካኝም።