ለካም ትክክለኛውን የእንቅስቃሴ ኩርባ እንዴት እንመርጣለን?

ካም (ሲዞር በጠርዙ ቅርጽ ሌላ የማሽን ክፍል የሚገፋ አካል) ለመንደፍ ስንቀመጥ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድመው የሚታወቁት ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ ተከታዩ (ካሙ የሚገፋው ክፍል) ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚነሳና ሻፍቱ (ካሙን የሚያዞረው ዘንግ) በስንት ዲግሪ ዙረት ውስጥ ይህን እንደሚያደርስ። ከመነሻው እስከ መድረሻው ያለው መንገድ፣ ማለትም የእንቅስቃሴ ኩርባው፣ ለነዳፊው የተተወ ነው፤ ማሽኑ ጸጥ ብሎ መሥራቱ ወይም መንኳኳቱ በአብዛኛው የሚወሰነውም እዚያ ነው።

ኩርባውን ከመምረጥዎ በፊት የሽምጠጣውን፣ ማለትም ፍጥነቱ በየቅጽበቱ የሚለወጥበትን መጠን፣ ግራፍ ይሳሉ። የከፍታ ግራፎች ለዓይን በጣም ስለሚመሳሰሉ በእነሱ ብቻ መምረጥ ያሳስታል። ወጥ ፍጥነት የሚሰጠው ቀጥ ያለ መስመር ተከታዩን ከቆመበት በቅጽበት ወደ ሙሉ ፍጥነት ስለሚገፋው፣ መነሻውና መድረሻው ላይ ምት ይፈጠራል። ፓራቦላ ከሁሉም ያነሰ ከፍተኛ ሽምጠጣ ስላለው ያጓጓል፤ ነገር ግን ሽምጠጣው መነሻው፣ መሐሉና መድረሻው ላይ በድንገት ይዘላል፤ ሮለሩ (ተከታዩ ካሙ ላይ የሚንከባለልበት መንኮራኩር) እና ኩሽኔታው የሚጎዱትም በዚህ ዝላይ ነው። ሃርሞኒክ ኩርባ ተከታዩ ሳያርፍ ወዲያው የሚመለስ ከሆነ መልካም ነው፤ ከመነሳቱ በፊትና በኋላ የሚያርፍ ከሆነ ግን ሁለቱም ጫፎች ላይ ይዘላል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ካሙ በደቂቃ 300 ጊዜ ይዞራል፤ ተከታዩም በ90 ዲግሪ ውስጥ 20 ሚሊ ሜትር ይነሳል። መነሳቱ የሚፈጀው 0.05 ሰከንድ ስለሆነ፣ ከፍተኛው ሽምጠጣ በሜትር በሰከንድ ካሬ ሲሰላ ለፓራቦላ 32፣ ለሃርሞኒክ 39.5፣ ሽምጠጣቸው ለማይዘል ሁለት ሌሎች ኩርባዎች ደግሞ፣ ለተሻሻለው ሳይን 44.2፣ ለሳይክሎይድ 50.3 ይሆናል። የሻፍቱ ፍጥነት እጥፍ ቢሆን እነዚህ ቁጥሮች ሁሉ አራት እጥፍ ያድጋሉ፤ ስለዚህ ማሽኑ ወደፊት ይፈጥናል ተብሎ ከታሰበ ስሌቱን በዚያው ፍጥነት ይሥሩት።

ከባድ ጭነት ለሚያንቀሳቅስና በሁለቱም ጫፍ ለሚያርፍ ተከታይ እኔ ቀድሜ የምሞክረው የተሻሻለውን ሳይን ነው። ሽምጠጣው ሳይዘል ከዜሮ ተነሥቶ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ከፍተኛ ፍጥነቱም በምሳሌያችን በሰከንድ 0.70 ሜትር ሲሆን፣ የሳይክሎይድ 0.80 ነው። ይህ ልዩነት ሻፍቱ የሚሸከመውን የመጠምዘዝ ኃይልና የግፊት ማዕዘኑን (ካሙ የሚገፋበት አቅጣጫ ተከታዩ ከሚሄድበት አቅጣጫ ጋር የሚፈጥረውን ማዕዘን) ይቀንሳል። ጭነቱ ቀላል፣ ፍጥነቱም ከፍተኛ ከሆነ ሳይክሎይድ ይመረጣል፤ ሆኖም አሠራሩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በዚያው ምሳሌ የመጀመሪያዎቹ 4.5 ዲግሪዎች ሲያልፉ ሳይክሎይድ ተከታዩን የሚያነሳው 0.016 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በፓራቦላ ግን 0.1 ሚሊ ሜትር ይነሳል። የማሽኑ የመቁረጥ ስሕተት ከዚህ ከበለጠ፣ በወረቀት ላይ የተመረጠው ለስላሳ አጀማመር በብረቱ ላይ አይገኝም።

ኩርባው ከተመረጠ በኋላ የካሙን መጠን ይወስኑ። ቀጥ ብሎ ለሚንቀሳቀስ ተከታይ የግፊት ማዕዘኑ ከ30 ዲግሪ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ከበለጠ ኩርባውን ከመቀየር በፊት የካሙን መነሻ ክብ (የካሙ ቅርጽ የሚነሳበትን ትንሹን ክብ) ያሳድጉ። የሮለሩ ራዲየስም የሮለሩ ማዕከል በሚከተለው መንገድ ላይ ካለው ትንሹ የጉብታ ራዲየስ (ወደ ውጭ የጎበጠው ክፍል የኩርባ ራዲየስ) ማነስ አለበት፤ አለዚያ ካሙ ሲቆረጥ ቅርጹ ይበላሻል።

ካሙ ተሠርቶ ሲመጣ ሻፍቱ ላይ አስረው በዲያል ጌጅ (ትንንሽ ርቀትን በመርፌ በሚያሳይ መለኪያ) ይለኩት። መሐሉን በየ5 ዲግሪው ማንበብ ይበቃል፤ ማረፊያው አልቆ መነሳቱ በሚጀምርበትና በሚያበቃበት ቦታ ግን በየግማሽ ዲግሪው ያንብቡና ከስሌቱ ጋር ያስተያዩት።