የልጆቹ ቡድን ድልድል በመጨረሻ እንዴት እንደተስተካከለ

48 ልጆች፣ 6 ቡድን። አንዱ ቡድን በየሳምንቱ 9 ለ 0 ያሸንፋል፣ ሌላው እያለቀሰ ይወጣል።

መጀመሪያ በዕጣ ደለደልኩ። በረኛ የሌለው ቡድን ወጣ። ቀጥሎ አሰልጣኞቹ በተራ ይምረጡ አልኩ። ባሰበት፤ ቀድሞ የሚመርጠው ሁሌ ጎበዞቹን ጠራርጎ ወሰደ።

የሠራው ይኼ ነው። ሦስት አሰልጣኞች፣ ሳይነጋገሩ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ሰጡ። አማካዩን ኤክሴል ላይ ከትልቅ ወደ ትንሽ ደረደርኩ። በረኞቹን አስቀድሜ ለስድስቱም በተንኩ። የቀሩትን እንደ እባብ እየተጠማዘዝኩ አከፋፈልኩ፦ ከቡድን 1 እስከ 6፣ ከዚያ ከ6 ወደ 1። ወንድማማቾችን ለማገናኘት ነጥባቸው እኩል የሆኑትን አቀያየርኩ።

አሰልጣኞቹ ግን ቡድናቸውን ያወቁት መጨረሻ ላይ፣ በዕጣ ነው። ነጥብ ማዛባት ያኔ ቀረ። (የራሱ ልጅ ያለበት አሰልጣኝ ልጁን ተከትሎ ይሄዳል፤ እሱን ማስቀረት አይቻልም።)